አሜሪካ ስንት ኪሎ ነው?

በ2017 ሰኔ ላይ ወደ አሜሪካ ልሄድ መሆኑን የሰማ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ነበር። «ስንት ሰዓት ይበራል?» ያለኝ የለም። «በየት በየት አገር ያልፋል?» ያለኝም የለም። ሁሉም ያለው «ስንት ኪሎ ይፈቀድልሃል?» ነው።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህችን ቁጥር ቢጠይቁኝ ብዬ አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ አጥንቻት ነበር፤ የጠየቀኝ ስለሌለ ለማንም ሳልነግር ቀረሁ። ሜትሩን የሚፈልገው የለም፤ ሰው የሚፈልገው ኪሎውን ነው። መቼም አይፈረድብንም። አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ እያልን ያደግን ሰዎች አሜሪካንም ከስድስት ኪሎ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለ አርባ ስድስት ኪሎ የሚባል ሰፈር ብናደርገው ምን ይገርማል?

አርባ ስድስት ያልኩት እንደ ሞኝ «ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ» ብዬ እውነቱን ስላወጣሁ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ በራችን ተዘግቶ አያውቅም። የመጀመሪያዋ ጎረቤት አንድ ፌስታል ሽሮ ይዛ መጣችና «ይቺን ብቻ» አለች። «ይቺን ብቻ» የምትባለው ነገር ሚዛን ላይ ስትወጣ ምን ያህል እንደምትከብድ የሚያውቀው መንገደኛ ብቻ ነው። ከሽሮው ቀጥሎ በሶ መጣ። ከዚያ ድርቆሽ፣ ኮረሪማ፣ ቡና፣ የአራስ አጃ፣ ለሆድ ሕመም ነው የተባለ ስሙን የማላውቀው ቅጠል፣ በመጨረሻም አንድ ጀበና ከነማቶቱ። ማዶ ቤት ያሉት እትዬ ግን «ይቺን ብቻ» እንኳ አላሉም። ሦስት ኪሎ በርበሬ በላስቲክ፣ ላስቲኩን በጨርቅ፣ ጨርቁን በፌስታል አድርገው ሰጡኝና፣ «ልጄም እዚያው ዋሽንግተን ነው ያለው። ስትደርስ ደውልለት፤ ሮጥ ብሎ መጥቶ ይወስዳል» አሉኝ። ስልኩን ጻፍኩ። ይህችን በርበሬ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ዋዜማው ላይ ሻንጣ የምንመዝንበት ቸገረን። በኋላ አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን የሚመዝነውን ልጅ ከነሚዛኑ ጠርተን ቤት አስገባነው። ሻንጣው ብቻውን ሲቀመጥ ቁጥሩን ይሸፍነዋል። ስለዚህ መላው እኔ ተሸክሜው ሚዛኑ ላይ መውጣት፣ ከዚያ የኔን መቀነስ ሆነ። ልጁ ሁለት ጊዜ አስከፈለኝ፤ አንዴ ለብቻዬ፣ አንዴ ከነሻንጣዬ። «ጋሼ፣ ለብቻዎ 69፣ ከነሻንጣው 98» አለ። ሃያ ዘጠኝ! ስድስት ኪሎ ተርፏል። ቤተሰቡ እንደ ችሎት ተሰየመ፤ የሚወጣው የማን ይሁን? የማንም ሽሮ ሊነካ አልቻለም፤ ሁሉም አደራ ነው። አደራ ያልሆነው የኔ ልብስ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሱሪ፣ አንድ ጫማና ሹራቤ ወጡ። አሜሪካ የገባሁት በሰው በርበሬና በለበስኩት ልብስ ነው።

ቲኬቱን ያነበበው የእህቴ ባል ነው፤ ቤታችን ውስጥ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ነገር ሲመጣ ዓይን ሁሉ ወደሱ ነው የሚዞረው። ቲኬቱ 10:45 ፒኤም ይላል። «ፒኤም ማለት ከሰዓት በኋላ ነው» አለ፤ እውነቱን ነው። «እንግዲህ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ከ45 ይነሣል፤ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ያስፈልጋል» አለ። አንድ በአንድ ሲሰሙት ነውር የለበትም። የፈረንጅ 10:45 የኛ ማታ 4 ሰዓት ከ45 መሆኑን ግን አሥራ አራት ሰው በታጨቀበት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው አላሰበም፤ እኔንም ጨምሮ። እኔ በዚያ ሰዓት የማስበው ስለ ጀበናዋ ነበር።

ቦሌ የደረስነው 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልቅሶው ወዲያው ተጀመረ፤ እናቴ አለቀሰች፣ አክስቶቼ አለቀሱ፣ የሚኒባሱ ረዳት ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ቲኬቴን አይቶ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የማታ ነው» አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይቀራል። ከቦሌ ተነሥቶ አየርላንድ ለመድረስ ከሚፈጀው ጊዜ ይበልጣል፤ እኔ ይህን ያህል መንገድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆሜ ተጓዝኩ ማለት ነው። ግማሹ ዘመድ ወደ ቤቱ ሄዶ በልቶ ተመለሰ። ማታ ለሁለተኛ ጊዜ ስንሰነባበት እንባ የቀረለት አልነበረም። እንዲያውም አንዷ አክስቴ «እስካሁን አልሄድክም እንዴ?» አለችኝ።

ይህን ያህል ሰዓት የቆመ ሰው ያለፈውን ማሰቡ አይቀርም። በ1896 ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ ወደ አፄ ምኒልክ ሲመጣ ባቡሩ የሚያደርሰው እስከ ድሬዳዋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን በበቅሎ ነው የጨረሰው። በ1911 ደግሞ ደጃዝማች ናደው፣ ከንቲባ ገብሩና ብላታ ኅሩይ ከኛ አገር ወደ አሜሪካ በመልእክት ሲላኩ ባሕሩን በመርከብ ተሻግረዋል። አየር መንገዳችን በ1938 የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የሄደው ካይሮ ነው፤ ያውም አሥመራ ላይ አርፎ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ስንት ኪሎ ይፈቀድላቸው እንደነበር ታሪክ አልመዘገበም። የበቅሎ ጭነት ግን ከ46 ኪሎ እንደሚበልጥ አውቃለሁና ቀናሁባቸው።

አውሮፕላኑ ውስጥ በመስኮቱ በኩል አንዲት እናት፣ በመተላለፊያው በኩል ዋሽንግተን ውስጥ ዘመኑን ሙሉ ታክሲ የነዳ ጎልማሳ፣ መሐል ላይ እኔ ሆነን ተቀመጥን። እናትየው የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ ያለችውን ልጃቸውን ሊያርሱ ነው የሚሄዱት። በግራ እጃቸው የሟች ባላቸውን ትልቅ የእጅ ሰዓት አስረዋል፤ ጠዋት ጠዋት የሚሞላውን ዓይነት።

ራት ሲመጣ አስተናጋጇን «ልጄ፣ ስድስት ሰዓት አልፏል እንዴ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷ «በየት አገር ሰዓት፣ እማማ?» አለች። የማሾፍ አልነበረም፤ ለሷ ሥራ ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እማማ ግን የሰሙት አልመሰላቸውም፤ እጃቸውን ዘርግተው ሰዓቱን አሳዩአት። ስድስት ከአሥር። የሐዋርያት ጾም ነው፤ እኩለ ሌሊት አልፎ ቀኑ ተለውጧል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለም። ራታቸውን ወደኔ ገፋ አደረጉት። ሱሪው በሽሮ የተተካበት ሰው ደግሞ ሁለት ራት ቢበላ ኀጢአት የለበትም።

ባለታክሲው ወሬኛ ነው፤ ደግሞም ፍልስፍና ይወዳል። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «ምድር ወደ ምሥራቅ ትዞራለች አይደል? ታዲያ ይሄ አውሮፕላን ከቦሌ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ ዝም ብሎ ቢጠብቅ፣ ዋሽንግተን ራሷ ዞራ አትመጣም? ነዳጁ ለምንድነው?» ይህን ጥያቄ ሳወጣ ሳወርድ የኖርኩት እኔም ነኝና አላፈርኩበትም። አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል። ሚኒባስ ውስጥ የገባች ዝንብ መኪናው ሲሄድ ከኋላ መስታወት ጋር አትላተምም፤ አየሩ ይዟት ይሄዳል አልኩት። «እሺ፣ አየሩ ባይዝስ?» አለ። አየሩ ባይዝ እንኳ ዋሽንግተን አትመጣለትም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ በዚያው መስመር ላይ ወደ ምዕራብ ብትሄድ የምታገኘው የፓናማን ዋና ከተማ ነው። ስምንት ሰዓት ያህል ተንጠልጥሎ የጠበቀ ሰው ከሥሩ የምትመጣለት ፓናማ ናት። ባለታክሲው ጥቂት አሰበና «ፓናማስ ምን አላት?» ብሎ ተኛ።

የአየርላንዷ ደብሊን ስናርፍ በእማማ ሰዓት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። ነጋ፤ ካፊያ ያካፋል፤ ከመንደርደሪያው ወዲያ ለምለም ሣር ነው። እማማ ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ተነሡ። በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ቆይተው፣ «አሜሪካ ማለት ይቺ ናት? ደብረ ብርሃን ቁርጥ!» አሉ።

«ገና ነው፣ እማማ፤ ነዳጅ ለመቅዳት ነው ያረፍነው።»

«እንዴት ገና ነው ትለኛለህ? ውዳሴ ማርያምን የሰኞውን ጀምሬ የእሑዱን ጨርሻለሁ። ሳምንት ሄደናል እኮ!»

በኪሎ ሜትር ተከራክሬ የማሸንፋቸው አልመሰለኝም። ባለታክሲው ነቅቶ ነበርና «አይዞዎት እማማ፣ እዚችው ናት» አለ፣ በአገጩ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ እያመለከተ። እዚችው ናት! 5,400 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ሃያ ምናምን ዓመት አሜሪካ የኖረ ሰው ርቀት በማይል መቁጠር ይለምዳል፤ አገጩ ግን ዜግነት አልቀየረም። ገበሬ መንገድ ጠይቆ «እዚችው ናት» የተባለ ሰው ስንት ዳገት እንደሚጠብቀው ያውቃል።

እማማ ሌላ ጥያቄ አመጡ፤ ጥያቄያቸው ደግሞ እኔን ራሴን ሲያስጨንቀኝ የከረመ ነው። ነዳጁን ለምን ቦሌ ላይ አንድ ጊዜ አይሞሉትም? ምክንያቱ የኛው ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ክንፉን አጥብቆ አይሸከመውም፤ ሞተሩም አቅሙ ይቀንሳል። ድሮ ልደታ የነበረውን ማረፊያ ትተን ወደ ቦሌ የተሻገርነውም ጄት ሲመጣ ረጅም መንደርደሪያ በማስፈለጉ ነው፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት እየተባለ ቀርቷል። ለእማማ ያስረዳኋቸው ግን በእንስራ ነው። ሙሉ እንስራ ያዘለች ሴት ዳገት ላይ ሩጪ ብትባል አትችልም። ጎደል አድርጋ ቀድታ ትነሣለች፤ መንገድ ላይ ምንጭ ስታገኝ ትሞላለች። ደብሊን ምንጯ ናት። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የከፍታ ነፋስ አለ፤ ስንሄድ ፊት ለፊት ይገፋናል፣ ስንመለስ ከኋላ ይገፋናል። ስለዚህ ሲሄዱ ከነማረፊያው 16 ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ሲመለሱ አንድም ቦታ ሳይቆም በ13 ሰዓት ያልቃል።

«በ13 ሰዓት ይላሉ» አለ ባለታክሲው ከጎኔ፣ ማንንም ሳያይ። «እኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመመለስ 22 ዓመት ፈጅቶብኛል።»

«ምንጭ ፍለጋ እስከዚህ ብርድ ድረስ መጠምዘዝስ?» አሉ እማማ። ከቦርሳቸው ለዘጠኝ ሰዓት ያስቀመጡትን ብርቱካን አወጡልኝ፤ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ክር መዘዝኩ። ብርቱካኑ ላይ ይህች አዲስ አበባ፣ ያቺ ዋሽንግተን ብዬ በጥፍሬ ምልክት አደረግሁና ክሩን በሁለቱ መሐል ወጠርኩት። የትምህርት ቤት ካርታ ላይ አጭሩ መንገድ በቻድና በኒጀር በኩል ይመስላል። ብርቱካን ላይ ግን ክሩ ራሱ ሾልኮ ወደ ሰሜን ይወጣና በአውሮፓ በኩል ያልፋል። ደብሊን እዚያው ክሩ አጠገብ ናት። እዚያ ማረፍ መንገዱን የሚያስረዝመው ከ300 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው፤ ይህ ደብረ ማርቆስ ድረስ እንደመሄድ ነው። እማማ ብርቱካኑን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ኢየሩሳሌም የት ጋ ናት?» አሉ። አሳየኋቸው። «ታዲያ እሷ አትቀርብም?» አሉና ክሩን ሳይፈቱ ብርቱካኑን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

የአትላንቲኩን ሰባት ሰዓት ተኝቼ ስላሳለፍኩት የምናገረው የለኝም። የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ደለስ ላይ ጎማው መሬት ሲነካ ከኋላ እልልታ ተሰማ። እማማ እልል አላሉም፤ ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። ልክ ዘጠኝ። ብርቱካኑን አውጥተው፣ አማትበው፣ ከደብሊን በኩል ጀምረው ላጡት። አንዱን ፍሬ ለኔ፣ አንዱን ለባለታክሲው ሰጡ። በሩ እስኪከፈት ድረስ ዓለም ተበልታ አለቀች።

ከፊታችን ያለው ስክሪን የዋሽንግተን ሰዓት 8:00 ብሎ ጽፏል። እማማ ስክሪኑን አዩ፤ እጃቸውን አዩ፤ እንደገና ስክሪኑን አዩ። «ሰዓታቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል» አሉኝ በሐዘኔታ።

ልስቅ ነበር፤ ሳሰላው ግን ሳቁ ቀረ። በሰኔ አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በሰባት ሰዓት ትቀድማታለች። እኛ ደግሞ የቀኑን ሰዓት መቁጠር የምንጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነውና ከፈረንጅ ሰዓት በስድስት እናንሳለን። ከሰባት ስድስት ሲነሣ አንድ። የደብረ ብርሃኗ ሰዓትና የዋሽንግተኗ ሰዓት መልካቸው የሚለያየው በአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ የአንደኛው ቀትር ለሌላው ምሽት መሆኑን ከተዉት። እማማ ትተውታል። እኔ ከቦሌ በ2017 ተነሥቼ ደለስ በ2025 መድረሴን እያሰላሁ ስምንት ዓመት ማርጀቴ ሲከነክነኝ፣ እሳቸው በአንድ ሰዓት ልዩነት አሜሪካ ገቡ። ልጃቸው ሆዷን ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ «እማዬ፣ ገና ጠዋት ነው፣ ቁርስ እንብላ» ስትላቸው «ሰዓታችሁን አስጠግኑ» ሲሏት ሰማሁ።

ወደ በርበሬው እንመለስ። በነጋታው ደወልኩ።

«እናትህ በርበሬ ልከውልሃል። የት ነህ?»

«ዋሽንግተን።»

«እኔም ዋሽንግተን ነኝ። የት ጋ ላግኝህ?»

«ሲያትል።»

እትዬ አልዋሹም። ሲያትል ያለችው ዋሽንግተን በሚባለው ግዛት ውስጥ ነው፤ ግዛቱ ያለው በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር ነው፤ እኔ ያለሁባት ዋሽንግተን በዚህኛው ዳር ናት። ከዋሽንግተን እስከ ዋሽንግተን 3,700 ኪሎ ሜትር! ከአዲስ አበባ ካይሮ ያለውን አንድ ጊዜ ተኩል ነው። ልጁ ሮጥ ብሎ የሚመጣ ከሆነ የኦሊምፒክ ሰው መሆን አለበት። ፖስታ ቤት ወስጄ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት። ሚዛኑ 6.6 ፓውንድ አለ። አሜሪካ ስንት ኪሎ ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት እዚያ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ኪሎ የለም። የላክሁበት ዋጋ ከበርበሬው ዋጋ መብለጡን ለእትዬ አልነገርኳቸውም፤ እርስዎም እንዳይነግሯቸው።

ስመለስ እውነትም 13 ሰዓት ነው የፈጀው። ሻንጣዎቼ 23፣ 23 ኪሎ ነበሩ፤ «ይቺን ብቻ» የሚሉ ሰዎች እዚያም አሉ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ እማማ ናቸው፣ ከአሌክሳንድሪያ። ልጅቷ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላግላለች፤ ገንፎው ተበልቷል፤ ብርዱ ጀምሯል። ይህን ሁሉ ቶሎ ቶሎ ነገሩኝና ወደ ዋናው ጉዳያቸው ገቡ።

«ያ ሰዓታቸው ባሰበት» አሉኝ። «ዛሬ ጠዋት ሳየው ሁለት ሰዓት ቀርቷል። የሚያስተካክልላቸው ሰው የለም እንዴ?»

አሰላሁት። አሜሪካኖች በዚያች እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሰውታል፤ ልክ ናቸው።

«መጋቢት መግቢያ ላይ ይስተካከላል፣ እማማ» አልኳቸው። «አንዷን ሰዓት ብቻ።»